ሲመሽ የማይባዝን ዘር

ስሉጊ ውሻ አይደለም። መጀመሪያ በዚህ እንግባባ። ውሻ ደጅ ያድራል፣ ፍርፋሪ ይለቅማል፣ አላፊ አግዳሚው ላይ ይጮሃል። ስሉጊ ግን፣ ይህ ቀጭን የአደን ሯጭ፣ የበላነውን ይበላል፣ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፣ እግሩን ሒና ይቀባል፤ የሞተ ቀን ጎረቤት መጥቶ «አላህ ይተካላችሁ» ይላል። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለሚገባው ሰው ይሰጣል፣ አለቀ። በበረሃው ጫፍ ባለችው ከተማችን በዱዝ ዙሪያ ደግሞ ሰጪ ከተባለ የኛ ቤት ነው። አባቴ በዕድሜው የሰጣቸውን ቡችሎች ልቁጠር ብል የእጄም የእግሬም ጣት አይበቃኝም።

እኔ ትብራ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ከታናሽ ወንድሜ ከዳው ጋር ነው። እሱም ሚስቱን ቀብሯል፣ ሴት ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል። ስለዚህ ሁለት ያረጀን ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ እየተነታረክን አለን። ወንዶቹ ሻይ እየጠጡ የስሉጊ ዘር ይቆጥራሉ፤ የእገሊት እናት፣ የእገሊት አያት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወርዳሉ። ቡችሎቹን የግመል ወተት በጣቴ እያላስኩ፣ ቴምር እያላመጥኩ የማሳድገው ግን እኔ ነኝ። የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም።

የኛ ዘር በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ሩጫ ነው። ያኔ ሪሻ የምትባል የአሸዋ ቀለም ያላት ስሉጊ ነበረችን፤ አራት ዓመቷ ነው። ጥንቸል ስታባርር እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ደግሞ አትዘነጥልም፤ ጥንቸሏን በሕይወቷ አምጥታ ዳው እግር ስር ታስቀምጣለች፣ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደው እሱ ነው። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት ስድስት ሰዎች ስሉጊዎቻቸውን ይዘው ወጥተው አምስቱ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ዳው አራት ጥንቸል ተሸክሞ ገባ። ሁሉንም ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ፣ ለኛ የደረሰን ጭንቅላት ነው።

ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ፀሐይ ስትገባ የኛ ስሉጊ የጌታዋ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ትጠቀለላለች፤ እስኪነጋ ንቅንቅ የለም። የሌላው ሰው ስሉጊ ሲመሽ ከቀበሮ ጋር ይዞራል፣ ጓዳ ይፈትሻል፣ ገመድ በጥሶ ይጠፋል። «የእነ ዳው ዘር ሲመሽ አይባዝንም» ይባል ነበር፤ በሰርግ ላይ ሳይቀር ሲያሞግሱን እሰማለሁ።

ይህ ጨዋነት ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ተመርጦ ነው። አባቴ ቡችሎቹ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ሰማዩ ደብዘዝ ሲል፣ ሁሉንም ከግቢ አውጥቶ አሸዋው ላይ ይለቃቸውና ከግንብ ኋላ ይደበቃል። ሽታ ተከትሎ ጥሻ ለጥሻ የሚሄደውን «ይሄ ባዛኝ ነው፣ ልቡ የቀበሮ ነው» ይልና ላገኘው እረኛ ይሰጠዋል። ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ ጌታውን የሚጠብቀው ግን ይቀራል፤ ወይ ለዘር ይሆናል፣ ወይ ለታላላቅ ቤት ስጦታ ይሄዳል። ዳውም አባቱ ሲያደርግ እንዳየው እንዲሁ ሲያደርግ ኖረ።

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ሪሻ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ደረሰ። ዳው ከሐጂ ቤልጋሰም ጋር ቃል ተግባብቶ ነበር። ሐጂ ቤልጋሰም ከመስጊዱ ማዶ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ዛርዙር የሚባለው ስሉጊያቸው የሪሻ እናት ወንድም ነው። ዳው ራሱ ከሰባት ዓመት በፊት በእጁ የሰጣቸው። አጎት ከእህቱ ልጅ ጋር ማለት ነው። ሩጫው እንዳይበተን ደምን ከደም ጋር ማሰር ይሉታል ወንዶቹ። ሪሻ ደግሞ የመጨረሻዋ ሴት ነበረች፤ የቀሩት ወይ አርጅተዋል ወይ መክነዋል። ከእሷ ካልተወለደ የአባታችን ዘር እዚያ ላይ አበቃ። ዳው በልጆቹ ሰርግ እንኳ እንደዚያ ሲጨነቅ አላየሁትም።

ዶክተር ነጂብ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከጋቤስ ከተማ የተላከ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቤት ለቤት ይዞራል። እኛ ጋ ሲደርስ ፀሐይ ልትገባ ተቃርባለች።

«እማማ፣ ውሻችሁን አምጡልኝ» አለኝ።

«ውሻ የለንም» አልኩት። «እማማ የምትላት ደግሞ እቤትህ አለችልህ። የኔ ጥርስ ገና አልረገፈም።»

ሳቀ። ዳው ሪሻን ያዘለት፣ እሱ ወጋት። መርፌውን ሊከት ሲል ፊቷን ቀና አድርጎ ዓይኗን አየ። ባትሪ አወጣ፣ አበራባት፣ ደግሞ አየ። ሳቁ ጠፋ።

«ከመሸ በኋላ ትንቀሳቀሳለች?»

ዳው ደረቱን ነፋ። «የኛ ዘር ሲመሽ አይባዝንም ዶክተር። ጋቤስ ድረስ አልተሰማም እንዴ?»

«አትባዝንም ነው ወይስ አትችልም?»

ዳው አልገባውም፤ እኔ ገብቶኛል። ሐኪሙ በርጩማዬን አንስቶ ግቢው መሃል አስቀመጠና ብርሃኑ እስኪደክም ሻይ ጠጣን። ከዚያ ዳውን «ከማዶ ሆነው ይጥሯት» አለው። ዳው ጠራት። አልመጣችም፤ ጆሮዋን አቁማ ቆመች። በአደን ድምፁ ደግሞ ጠራት። በዚያ ድምፅ ተጠርታ መቅረት አትችልም፣ ተወርውራ መጣችና በርጩማውን በደረቷ ገጨችው። ወደቀች፣ ተነሳች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ጅራቷን እየቆላች በአፍንጫዋ የዳውን እጅ ፈለገች።

«በርጩማ ማን እዚህ አስቀመጠ!» ብሎ ጮኸብኝ ዳው። አሁን አይቶታል እኮ ሲቀመጥ።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳን። የዓይኗ ውስጥ እየሳሳ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው የምሽቱ እይታ ነው፣ ቀጥሎ የቀኑ፤ ሁለት ዓመት ቢቀራት ነው። ነገሩ የዘር ነው። ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ ሲመጣ ተደብቆ ይተኛል፣ ከሁለቱም ሲገናኝ ያሳውራል።

«እንግዲያው ግደሏት በለና!» አለ ዳው።

«ማን አለ? እንዲህ የምትሮጥ በየቀኑ የምትወለድ መሰልዎት? ለአንድ ጉድለት ብሎ ይህን ሁሉ ሩጫ መጣል ሞኝነት ነው። ከዘመዷ አያገናኟት ነው የምለው። ከሩቅ፣ እስከ እርጅናው ከሚያይ ዘር የሆነ ወንድ ይፈልጉላት። ቡችሎቹ ሁሉም ያያሉ። ጉዳቱን ግን በውስጣቸው ይይዙታልና እርስ በርሳቸው እንዳያገናኟቸው።»

«ሻይህ በረደ» አለው ዳው። ሐኪሙ የዚህ አገር ሰው ነው፤ ሂድልኝ ማለት እንደሆነ ገብቶት ተነሳ።

እኔ እዚያው በርጩማዬን አቅፌ ቀረሁ። አባትና ልጅ ተተካክተው ስልሳ ዓመት ጨዋ የመረጡ መስሏቸው ዕውር ሲመርጡ ኖረዋል። የሚያየውን «ባዛኝ» ብለው ለእረኛ፣ የማያየውን «ጨዋ» ብለው ለታላላቅ ቤት! አጃኢብ ነው። ልስቅ ነበር፣ ግን ዳው ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የሪሻን ጭንቅላት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳየው ሳቄ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ለዛርዙር የተቆረጠው ቀን ሊደርስ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰባቱንም ቀን ቤታችን ውስጥ ሰላም የሚባል ነገር አልነበረም።

«የመስዑድ ሳቡር አለ» አልኩት በሁለተኛው ቀን። መስዑድ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ሳቡር የሚባለውን ስሉጊውን ከሩቅ፣ ከቃስሪን በኩል ነው ያመጣው፣ ከኛ ዘር አንድ ጠብታ የለበትም። እናቱ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ዛሬም ዝንብ በአየር ላይ ትቀልባለች ብሎ መስዑድ ይምላል።

«ሳቡር! ያ በየሰዉ ጓዳ እየገባ ዳቦ የሚሰርቀው?»

«ለመስረቅም ማየት ያስፈልጋል።»

«ሩጫውን አይተሽዋል ግን? ጥንቸል ቀርቶ ኤሊ ይቀድመዋል! መዳፉ የግመል፣ ጆሮው የፍየል! እትዬ፣ አባታችን ከመቃብሩ ተነስቶ ይረግመኛል።»

«አባታችን ይተኛበት። ቡችሎቹን የማሳድገው እኔ ነኝ።»

በአራተኛው ቀን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሲያሰላስለው እንዳደረ ፊቱ ያስታውቃል። «እሺ፣ ይታወሩ» አለኝ። «ግን እስከ አራት አምስት ዓመታቸው በቀን ያያሉ አይደል? አራት ዓመት እንደ ሪሻ መሮጥ አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ሳቡር ከማዝገም አይሻልም? የትኛው ነው ዕድሜ?»

እውነቱን ልናገር፤ ሪሻን ሜዳ ላይ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ አይመልሰውም። «ከአራት ዓመት በኋላስ?» አልኩት ብቻ።

«ከአራት ዓመት በኋላ ምንጣፍ አለ፣ ወተት አለ፣ አንቺ አለሽ።»

«እኔ እስከ መቼ ነው የምኖረው? ዕውር እያስወለድክ ለሰው ልታድል ነው?»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ነው የምፈራው» አለና ጥሎኝ ወጣ።

ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ ማንሳት አልቻለም። አመሻሽ ላይ እኔ ምግብ ሳሰናዳ ግቢው ውስጥ በጉልበቱ ቁመት ገመድ ይወጥርና ይጠራታል። ሁልጊዜ ትመጣለች፣ ሁልጊዜ ገመዱ ላይ ትሰናከላለች። አንድ ቀን ገመዱን ፈትቶ ባዶ ግቢ ውስጥ ጠራት። ገመዱ የነበረበት ስትደርስ ቆመችና በእግሯ አየሩን ፈተሸች። ያን ምሽት ዳው እራት አልበላም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የክት ልብሱን ለብሶ አገኘሁት። «ተነሺ፣ ሐጂ ቤልጋሰም ቤት እንሂድ። ቃሌን ልመልስ ነው።»

እንዲህ በቀላሉ ሳወራው ምንም አይመስልም። የኛ ቤት ሰው ቃሉን መልሶ አያውቅም። ደግሞ «ዛርዙርን አልፈልግም» ማለት «የሰጠሁህ ብልሹ ነው» ማለት ነው። በየቤቱ ያለው የአባቴ ስም በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈርሳል። ዳው ይህን እያወቀ ነው ጫማውን ያሰረው። ትኩስ የገብስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ ተከተልኩት።

ሐጂ ቤልጋሰም ደስ ብሏቸው ተቀበሉን። ሻይ መጣ፣ ሁለተኛው መጣ። ዳው ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ ቴምር አወራ፣ ስለ ቴምር ትል አወራ። በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ጎኑን በክርኔ ነካሁት።

«ሐጂ» አለ፣ «ሪሻ ሲመሽ አታይም። ዕውር እየሆነች ነው። የዘር ነው ብሎኛል ሐኪሙ። ዛርዙርም ሳይኖርበት አይቀርም። በእጄ የሰጠሁዎት ነገር ጉድለት ያለበት ሆኖ ተገኘ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሐጂው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞረው «ዛርዙር!» ብለው ተጣሩ።

ዛርዙር ወጣ። ትከሻውን ግድግዳው ላይ እያሸ፣ የበሩን መቃን በአፍንጫው ለክቶ፣ የምንጣፉን ጠርዝ በእግሩ ፈልጎ መጣ። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፣ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ፊቱ ላይ ነው፣ ዓይኑን እንኳ አላጨነቆረም።

«ከታወረ ሦስት ዓመቱ» አሉ ሐጂው።

ዳው ከተቀመጠበት ተነሳ። «ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቁ ዝም?»

«ምን ልበልህ ልጄ? በእጅህ ሰጠኸኝ። ስጦታህ ዕውር ነው ይባላል?»

«ቃል ስንገባስ? ዛርዙር ለሪሻ ስልዎትስ?»

«እምቢ ብልህ ለምን ትለኝ ነበር። ለምን ብትለኝ ምን እመልስልህ ነበር?» ዛርዙርን አንገቱ ላይ ዳበሱት። «የኔ ብቻ እንዳይመስልህ። የአምር ልጅ ሁለቱ ስሉጊዎቹ ታውረውበታል። እነ ለኽዳር ቤት አባትህ የሰጣቸው ታውራ ነው የሞተችው። እርስ በርሳችን እናወራለን። አንተ ስትመጣ ወሬ ይለወጣል። ስለምናከብራችሁ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ወላሂ ይነቅዛል! «ሐጂ» አልኳቸው፣ «አክብሮታችሁ እንዲህ ከሆነ ብትጠሉንማ ምን ልታደርጉን ነው? አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ስንት ፍጥረት በዓይኑ ይኖር ነበር? እንግዳ ፊት መጋረጃ ጥላችሁ ዕውሩን ትደብቃላችሁ፣ ውጭ ስትወጡ ታሞግሱናላችሁ! አታፍሩም?» ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ አልማርኳቸውም። አንገታቸውን ደፉ። ዳው በክንዴ ይዞ አወጣኝ።

ግቢያችን ስንደርስ ሪሻ ጥላው ውስጥ ተኝታለች። ዳው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ የክት ልብሱን እንደለበሰ።

«አንቺስ?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«በጣትሽ ወተት የምታልሻቸው አንቺ ነሽ። ሁሉም ሲያውቅ አንቺ እንዴት አላወቅሽም?»

ሐጂውን እንደዚያ ያዋረደችው ምላሴ ውሸት ፈለገች። አንድም የሚሆን አላገኘችም።

«አውቅ ነበር» አልኩት። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አንተ ገና ጭቃ የምታቦካ ነህ። የሪሻ ቅድመ አያቶች እናት፣ ያቺ ነጭ ደረት፣ ሲመሽ ወተቱን ፊቷ ሳስቀምጥላት በአፍንጫዋ ስትፈልገው አየሁ። በማግስቱ ለአባታችን ነገርኩት።»

ዳው ቀና አለ። «ለአባታችን?»

«አዎ።»

«ምን አለሽ?»

ሃምሳ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነው። ባሌ እንኳ ሳይሰማው ሞተ። ዳው አባቱን እንዴት እንደሚወድ አውቃለሁ፤ ስሙን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል። ያን የሚያህል ፍቅር ልገድልበት እንደሆነ እያወቅኩ አፌን ከፈትኩ።

«‹አውቃለሁ› አለኝ። ‹ግን ስትሮጥ አይተሻታል?› አለኝ። ከዚያ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

የዳውን ፊት ላነብ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። እጁ የሪሻ ጀርባ ላይ ነበር፣ አከርካሪዋን አንድ በአንድ እየቆጠረ ወደ ታች ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል።

«እኔም አይቻታለሁ» አለ በመጨረሻ።

ተነሳ። ጠፍሩን አንገቷ ላይ አሰረና የግቢውን በር ከፈተ። ሰዉ የቀትር ሶላት ሰግዶ ከመስጊድ የሚወጣበት ሰዓት ነበር፤ መንገዱ በሰው ሞልቷል። በጓሮ በኩል መሄድ ይችል ነበር፣ እኔ በሱ ቦታ ብሆን በጓሮ ነበር የምሄደው። እሱ በመሃል መንገድ ነዳት። ሮጥ ብዬ ደረስኩበት።

«ወዴት ነው ዳው?» አለው አንዱ ከመስጊዱ ደረጃ ላይ። «ወደ ሐጂ ቤት በዚያ በኩል አይደል?»

ዳው ቆመ። ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወደ መስዑድ ነኝ። የኛ ዘር ዕውር ነው። አባቴም ያውቅ ነበር፣ እናንተም ታውቁ ነበር። ሳቡርን ልለምነው ነው።»

አንዳንዱ ጫማውን አየ፣ አንዳንዱ መቁጠሪያውን። ዳው ጠፍሩን ሳብ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ። አሥር እርምጃ እንኳ ሳንሄድ የአምር ልጅ ከኋላችን ድምፁ ተሰማ።

«የኔም ሁለቱ ዕውር ናቸው፣ ዳው» አለ። «ጠብቀኝ፣ አብሬህ ልሂድ።»